ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የነብሮ ሆድ

በቀዩ መስመር ባቡር ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሜሪላንድን ወሰን እንደተሻገሩ የሚገኘው የመጀመሪያ ጣቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጣቢያው ወጥቼ ጆርጂያ ጎዳናን ስይዝ የአማርኛ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተቀበሉኝ። አክስቴ የሚኖሩት ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ናቸው፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። አሁን ቤቱን የሚጋራቸው ነብሮ ነው፤ የ11 ዓመት፣ ቀይ ዥጉርጉር፣ የተኮላሸ ድመት። ድሮ ሰባት ኪሎ ይመዝን ነበር። ስኳር በሽታ አለበት።

የድመት ስኳር በአሜሪካ ብርቅ አይደለም። ዕድሜው የገፋ፣ የተኮላሸ፣ የወፈረና ከቤት ሳይወጣ በልቶ የሚተኛ ወንድ ድመት ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሰው ላይ ሁለተኛው ዓይነት የሚባለውን ስኳር ይመስላል።

የቤቱ ሰዓት የሚቆጠረው በነብሮ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። እትዬ ከሥራ ሲገቡ ካፖርታቸውን ብቻ አውልቀው እጃቸውን ይታጠቡና የድመቱን የጆሮ ጠርዝ በጣቶቻቸው አሸት አሸት አድርገው ያሞቁታል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ነካ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል የደም ጠብታ ትወጣለች፤ መለኪያው ይመጥጣታል፤ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ምግቡን መብላቱን አይተው ነው የሚወጉት። ሲሪንጁ ክዳኑ ቀይ ነው። የነብሮ ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት የያዘ የእንስሳት ኢንሱሊን ሲሆን፣ ለሰው የሚሸጠው ግን በብዛት 100 ዩኒት ነው። የ100ውን ኢንሱሊን በ40ው ሲሪንጅ የቀዳ ሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል። እትዬ ይህን ከክሊኒኩ ከተማሩ ወዲህ ለማንም ሳይነግሩ አይቀሩም፤ ለእኔም ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ነገሩኝ።

ሽታው ግን ከበሩ ነው የሚጀምረው። እጣን ይጨሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ አሸዋው በየቀኑ ይቀየራል፤ አይለቅም። «ስኳሩ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ምን አደርገዋለሁ ልጄ?» አሉኝ። አሸዋውን ራሴ ልጥረግ ብዬ ተጠጋሁ። ሰገራው ብዛቱ ከአንድ ድመት የወጣ አይመስልም፤ ግራጫ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ልል፣ ላዩ ቅባት የተቀባ ያህል የሚያብለጨልጭ ነው። ማንኪያው ላይ ተጣብቆ አልወርድ ይላል። ነብሮ ደግሞ ሳህኑን ልሶ ገና ይለምናል፤ ጀርባውን ስዳብሰው አከርካሪው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ስኳር ያስጠማል፣ ሽንት ያበዛል፣ ያከሳል። እንዲህ ላለ ሰገራ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። የእትዬን ደብተር አገላበጥኩ፤ የደም ስኳሩ አለ፣ የተወጋው ዩኒት አለ፣ የበላው አለ። ስለ ሆዱ አንድ መስመር የለም። ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ መርፌው የሚሰላው ድመቱ በሚበላው ነው፤ የበላው ሳይፈጭ በኋላው ከወጣ ስሌቱ ሁሉ ይናጋል። አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ሲል የከረመው ቁጥርም ያንኑ ይናገር ነበር።

መካሪ አልጠፋም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሊጠጡ የመጡ ወዳጆቻቸው አንዷ የተቀቀለ ዱባ፣ ሌላዋ ወተት፣ ሦስተኛዋ ምግቡን ዛሬውኑ መቀየር አዘዙለት። ዱባው ለአንዳንድ ድመት ይረዳል፣ በጥቂቱ ከሆነ ጉዳት የለውም። ወተት ግን ለአብዛኛው ጎልማሳ ድመት ራሱ ተቅማጥ ነው። ምግብ በአንድ ጊዜ መቀየር ደግሞ ለስኳር በሽተኛ ድመት አደገኛ ነው፤ ስታርች ከበዛበት ደረቅ ምግብ ወደ ጣሳ ምግብ በድንገት ተዛውሮ የኢንሱሊኑ መጠን እንዳለ ከቀጠለ ስኳሩ ሊወርድና ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ያኔ ድድ ላይ ማር ቀብቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

በማግስቱ ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ብልቃጥ ይዘን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ የእሳቸውም ድመት ስኳር እንዳለበትና መርፌ ሳይጀምር በቀን አንዴ ክኒን እንደሚወስድ አጫወቱን። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ዓይነቱን መድኃኒት ለድመት መጀመሪያ የፈቀደው በ2022 ማብቂያ ላይ ነው። ስኳሩን በሽንት ያስወጣል፤ ተቅማጥ ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ድመቱ የደም ስኳሩ ደህና እየታየ በኬቶን ሊመረዝ መቻሉ ነው። ለዚህ ነው ክኒኑን የሚወስድ ድመት ምግብ እምቢ ሲል መለኪያው ደህና አለ ተብሎ የማይታለፈው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ነብሮን ከመንካቷ በፊት ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ እውነቱን ለመናገር እዚያው ነው የወደድኳት። ቀላሉን ቀድማ መረመረች፦ ትላትል፣ ጃርዲያ። ጃርዲያ እኛንም የሚያውቀን ነው፤ የድመትም ሰገራ ያገማል። የለም። የአንጀት መቆጣትና የአንጀት ዕጢ በዚህ ዕድሜ እንደሚጠረጠሩ ነገረችንና ለአልትራሳውንድ ቀጠረችን። ከዚያ ወረቀት ስባ ሳለችልን። ቆሽት ሁለት ሥራ አለው፤ ኢንሱሊን ለደም ይሰጣል፣ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ለአንጀት ያፈሳል። በድመት የቆሽቱና የሐሞቱ ቱቦ ተገናኝተው ነው አንጀት የሚገቡት፤ ስለዚህ አንጀት፣ ጉበትና ቆሽት ብዙ ጊዜ አብረው ይታመማሉ። ቆሽት ደጋግሞ ሲቆጣ ውሎ አድሮ ሁለቱንም ሥራ ሊያቆም ይችላል። «ስኳሩና ሽታው ከአንድ ቤት የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ» አለች።

ነብሮ ጾሞ ደም ተቀዳለት። ናሙናው ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ላቦራቶሪ ተላከ፤ ቲኤልአይ የሚባለው የቆሽት ኢንዛይም ምርመራና ቫይታሚን ቢ12። አልትራሳውንዱ ዕጢ አላሳየም። የደሙ ውጤት ሲመጣ ሁለቱም በጣም ዝቅ ያሉ ነበሩ። በሰው ቢ12ን ለመምጠጥ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ከጨጓራ ይወጣል፤ በድመት ግን ከቆሽት ብቻ ነው። ቆሽቱ የደከመ ድመት ቢ12ም ያጣል፤ ቢ12 ያጣ አንጀት ደግሞ ምግብ በደንብ አይመጥም።

ሕክምናው ከምርመራው ይልቅ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። በየምግቡ የሚነሰነስ የኢንዛይም ዱቄት፤ ከምግቡ ጋር በደንብ ሊዋሐድ ይገባል፣ አለዚያ አፉን ያቆስላል። ቢ12 በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር፣ ለስድስት ሳምንት። አንቲባዮቲክ አልታዘዘም፤ እትዬ ቅር አላቸው፣ ሐኪሟ ግን ያለ ምክንያት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለአንጀት ጠቃሚ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ጭምር እንደሚፈጅ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አጥብቃ ያሳሰበችው አንድ ነገር ነው፦ ምግቡ ሰውነቱ ላይ መዋል ሲጀምር የኢንሱሊን ፍላጎቱ ይለወጣልና መለካቱ እንዳይላላ፣ መጠኑም ሳትጠየቅ እንዳይነካ።

ደብተሩ ላይ ሌላ ዓምድ አሰመርን፦ የሰገራው ቀለም፣ ልለቱ፣ ብዛቱ። መጀመሪያ የተለወጠው ብዛቱ ነው፣ ቀጥሎ ቀለሙ። ሽታው የድመት ሰገራ ሽታ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ማንም አይጠብቅም። ከአዲስ አበባ ሆኜ ስደውል እትዬ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነግሩኝ ክብደቱን ነው። ግማሽ ኪሎ መልሷል። በሽታው የማይድን ነው፤ ዱቄቱ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ በወር የሚያስወጣቸው ገንዘብም ቀላል አይደለም።

ይህ የነብሮ ዓይነት የቆሽት ድካም በድመት የሚበዛ አይደለም፤ ከጥገኛ ተውሳክና ከአንጀት መቆጣት በኋላ የሚጠረጠር ነው። በሜሪላንድም ሆነ በሌላ አገር ስኳር ያለበት ድመት የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ሰገራው ሲበላሽ ሽታውን ለምዳችሁ አትኑሩ። ቀኑን ጻፉ፣ ትኩሱን በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የቢ12ና የቆሽት ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰ ወይም ከደከመ ደግሞ የተለመደውን መጠን ከመውጋታችሁ በፊት ለሐኪሙ ደውሉ፤ በዚያው ቀን ይታይ።