የወደቀው ወዴት ሄደ?

ወላጆች ስለ ቪዲዮ ጌም ሲጠይቁን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስባቸው ምስሉ ነው፤ ደም ይታይበታል ወይ፣ የአጋንንት ሥዕል አለበት ወይ። ጥያቄው መልካም ነው። ጌም ሠሪዎች ግን ከምስሉ በፊት ሌላ ነገር ይወስናሉ፦ የተጫዋቹ እጅ ደጋግሞ የሚያደርገው ምንድን ነው? አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኩኩሉ» ውስጥ የእጃችን ሥራ ማምለጥ ነው፤ አንዲት ዶሮ ሊይዛት ከሚያባርራት ገበሬ ትሸሻለች። (ለዶሮ ወጥ ወዳጆች ትንሽ ይከብዳል!) በብዙዎቹ ጌሞች ግን የእጃችን ሥራ መተኮስ ነው።

ይህን በደንብ ያስረዳን እዚህ የካ ያለ የጉባኤያችን ወጣት ነው። ለስልክ የሚሆን ጌም እየሠራ ነው። ቦታው እንጦጦ ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለው የባሕር ዛፍ ደን። የሩቆቹ ዛፎች እንደ ወረቀት ስስ ሥዕሎች መሆናቸውን፣ ወደ ተጫዋቹ እየዞሩ ሙሉ ዛፍ እንደሚመስሉ አሳየን፤ ርካሽ ስልክ ብዙ ሙሉ ዛፍ አይችልም። ከዚያ ወደ ውጊያው ገባ። ጥይቱ ሲያርፍ ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። «ፓስተር፣ ይህ ከሌለ ምቱ አይጣፍጥም» አለን። አይጣፍጥም! ቃሉ ከልባችን አልወጣም።

ከኋላችን አንዲት እናት ቆማ ታይ ነበር። ልጇ በሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣላትም። በስክሪኑ ላይ የተመታው ሰው ወደቀ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆየና ጠፋ።

«ልጄ፣ የወደቀው ወዴት ሄደ?»

«እትዬ፣ ሬሳው ከቆየ ሚሞሪ ይሞላና ስልኩ ይቆማል፤ ስለዚህ እናጠፋዋለን» አላት።

እንደ ሙያው መልሱ ትክክል ነው። ከተናገረ በኋላ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ጌሙን ተው እንድንለው ጠብቀው ነበር። እኛ ግን ከእሱ ጋር 2ኛ ሳሙኤል 2ን አነበብን። በገባዖን ኩሬ ወዲህና ወዲያ አበኔርና ኢዮአብ ተቀምጠዋል። ጎልማሶች በፊታችን ይጫወቱ የሚለው ሐሳብ የአበኔር ነበር። ከየወገኑ 12 ተነሡ፤ ሁሉም አንድ ላይ ወደቁ። ጨዋታውን የፈቀዱት ሁለቱ ዳር ሆነው አዩ። ሲመሽ ደግሞ ያው አበኔር ሰይፍ ማብቂያው መቼ ነው ብሎ ጮኸ። ወጣቱን የያዘው ግን የምዕራፉ መጨረሻ ነው፤ በዚያ ሙታን ይቆጠራሉ። ከዳዊት ወገን 19 ሰዎችና አሣሄል፣ ከአበኔር ወገን 360። አሣሄልንም ተሸክመው ወስደው በቤተ ልሔም በአባቱ መቃብር ቀበሩት።

ከሁለት ወር በኋላ ጌሙን ለውጦ አመጣው። የወደቀ ሰው አይጠፋም፤ የጠላት ወገን እንኳ ቢሆን ተጫዋቹ ተሸክሞ፣ ቀስ እያለ፣ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ ማውረድ አለበት። ስልኩ ከስድስት ሬሳ በላይ ስለማይችል በጌሙ ሁሉ የሚሞተው ሰው ከስድስት አይበልጥም። የወጣቶች ኅብረት ልጆች ሞከሩት፤ ግማሾቹ «ይዘገያል» ብለው ተዉት። ይሸጥ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ያቺ እናት ገና አላየችውም። እናሳያት ወይስ ይቅር በሚለው ላይ እስካሁን እየጸለይን ነው።