ሳቁ ለሁለት ሲከፈል

በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከ14ኛው ጎዳና ብዙ ሳይርቅ ካለ አንድ ምግብ ቤት እሁድ እሁድ የሚገናኙ ወገኖች አሉ። የምድር ባቡሩ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1999 ከመከፈቱ በፊት የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ኪራዩ ሲወደድ ግማሾቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግማሾቹ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ለቡናውና ለጨዋታው ግን ይመለሳሉ።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታወቀው የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» የመጀመሪያ ክፍሎች ሲታዩ ክርክር አልነበረም። ሁሉም በአንድነት ይስቅ ነበር። አዳዲሶቹ ክፍሎች ሲመጡ ግን ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ።

«በቃ ተንዛዛ! እንደ በረደ ወጥ ሆነ» ሲሉ አማረሩ አንድ አንጋፋ የታክሲ ሾፌር። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ዕቃ አጣቢ ደግሞ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

«ምኑ ነው እንዲህ ያሳቀህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ቃሉ እኮ የዛሬ ልጆች አነጋገር ነው» ብሎ ፍቺውን ነገራቸው።

«እኔ የፒያሳ ልጅ! አራድኛ ይተርጎምልኝ?» አሉና ስኒያቸውን እያሽከረከሩ ዝም አሉ። ከሀገር ከወጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል።

ድራማው ተንዛዝቶ ይሆናል፤ ክርክሩም አላለቀም። ግን ከተማው ቀልዱን ሲለውጥ እሳቸው አልነበሩም።

በሚቀጥለው እሁድ ሾፌሩ ወንበራቸውን ወደ ወጥ ቤቱ በር አስጠግተው ተቀመጡ። «አሁንም ተንዛዝቷል» አሉ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ ሲላቸው ግን፣ ከሰው ሁሉ ዘግይተው ሳቁ።