ወር በመጣ ቁጥር

አማርኛችን ለሕመም ስም አያንሰውም፤ ምች አለው፣ ቁርጠት አለው፣ ውጋት አለው። እኔን ከ14 ዓመቴ ጀምሮ የያዘኝ ሕመም ግን የአማርኛ ስም የለውም። ሐኪሞቹ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሉታል። መርሳ ላይ ቃሉን ለአማቴ ብነግራቸው «የየት አገር ስም ነው?» ብለው ዝም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚያለብሰውን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጪ፣ በእንቁላል አመንጪው፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ላይ ይበቅላል። የወር አበባ በመጣ ቁጥር እርሱም ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ይቆጣና ጠባሳ ሆኖ የሆድ ዕቃን እርስ በርስ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷን ገደማ፣ በጠቅላላው ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑትን፣ ይይዛል። ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም።

እኔ ስሙን ያወቅሁት አዲስ አበባ ሄጄ በ27 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ዛር ነው ተብያለሁ፤ ጠበል ገብቻለሁ፤ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ሁለት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ሰጥቶኛል። ጎረቤቱ ሁሉ «ስትወልጂ ይተውሻል» ይለኝ ነበር። ዳሩ ግን ራሱ በሽታው ነው ብዙዎችን መውለድ የሚከለክላቸው! ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የብሪታኒያ የፓርላማ አባላት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ እዚያም አንዲት ሴት የበሽታዋን ስም እስክታውቅ በአማካይ 8 ዓመት ትጠብቃለች።

ስሙ ከተገኘ በኋላ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ረዥም ዝርዝር ላከችልኝ። እዚያ «ፈንክሽናል ሜዲስን» የሚሉት አካሄድ አለ፤ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1991 ተመሥርቷል። አንዱን ብልት ነጥሎ ከማከም ይልቅ ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ ጭንቀቱን፣ አንጀቱን አንድ ላይ እንመርምር ይላል። ዝርዝሩ ስንዴ ተዪ፣ ወተት ተዪ፣ ቀይ ሥጋ ቀንሺ፣ ቡና ተዪ ይላል። እየሳቅሁ አነበብኩት። ጤፍና ማሽላ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም፤ ሀብሩ ደግሞ የማሽላ አገር ነው። ሥጋና ወተቱንማ የጾመ ሰው የዓመቱን እኩሌታ ገደማ ይተወዋል፤ አሜሪካዊው በዶላር የሚታዘዝለትን እኛ በነፃ እናደርገዋለን። ኦሜጋ ሦስት የሚሉት ቅባት በተልባችን ውስጥ አለ። ፓፓያና ማንጎው ከመርሳ ገበያ አይጠፋም። ችግሩ ቡናው ነው። በወሎ ቡና እምቢ ያለች ሴት ጎረቤት እምቢ እንዳለች ትቆጠራለች፤ ስለዚህ አቦሉን እጠጣለሁ፣ ቶናና በረካውን እተዋለሁ።

ይህ አካሄድ ምን ያህል እንደሚሠራ ያየሁት ግን ሳልወድ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ እኔም እዚያው ነበርኩ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ ፋርማሲዎቹ ባዶ ቀሩ። ክኒኔ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። የቀረኝ ያ ዝርዝር ብቻ ነበር፦ ዝንጅብል በሙቅ ውሃ፣ ተልባ በተገኘ ጊዜ፣ ሆዴ ላይ የሚታሰር የሞቀ ጨርቅ፣ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት። እውነቱን ልናገር። ሙቀቱ ረድቶኛል፤ መንቀሳቀሱም እንዲሁ። በሦስተኛው ወር ግን ወገቤን አስሬ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ አደርኩ፤ ጩኸቴ ወደ ውጪ እንዳይሰማ ነጠላዬን ነክሼ። ያን ሌሊት ያሳለፈች ሴት «ምግብ ብቻ ይፈውሳል» የሚላትን ሰው በትዕግሥት መስማት ይቸግራታል። በየሳጥኑ የሚሸጠውን ውድ የቫይታሚን ክኒንማ ተዉት። ምግብ በዚህ በሽታ ላይ ስላለው ጉልበት እስካሁን የተደረገው ጥናት ጥቂት ነው፤ አካሄዱን የምወድለት ስለ እንቅልፌና ስለ ሐሳቤ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። አንድም ሐኪም እንዲያ ጠይቆኝ አያውቅም።

ዛሬ የሚያቆመኝ ክኒን የወሊድ መከላከያ ነው። የወር አበባውን ስለሚያስቀረው በሽታው የሚደማበት ጊዜ ያጣል። ታዲያ ልጅ ያልወለደች ምራት ይህን ክኒን መርሳ ላይ ስትገዛ ብትታይ ምን ይባላል? ወልድያ ሄጄ ነው የምገዛው፤ ባለቤቴ ያውቃል፣ አማቴ አያውቁም። እሳቸው ወሩን ይቆጥራሉ፤ እኔም እቆጥራለሁ። መቼ አቁሜ ለልጅ እንደምሞክር ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረናል፤ ያ ማለት ግን ሕመሙን በሩን ከፍቶ ማስገባት ነው፤ ከባለቤቴ ጋር በየምሽቱ የምንመክረው ይህንኑ ነው።

በዚህ መሀል የእህቴ ልጅ 13 ዓመት ሞላት። በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት መቅረት ጀምራለች። እናቷ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ትላለች። አንድ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋት፤ ቀኑን፣ የት እንደሚያማት፣ ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች ትጽፋለች። አራት ወር ሆኖታል። «አክስቴ፣ ይህን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። የፊታችን ሰኞ ደብተሩን ይዘን ወልድያ እንሄዳለን፤ ወረፋ ከንጋቱ ጀምሮ ስለሚያዝ ከመርሳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የምንነሳው።