ማገሩ ሲታይ

የቤይሩት የድሮ ቤት ፊቱ ሦስት ቅስት ነው። በቀጫጭን የእብነ በረድ ዓምዶች ላይ ጎን ለጎን ቆመው ባሕሩን ያያሉ፤ ከኋላቸው ሰፊ እልፍኝ፣ ከላይ በመርከብ ከማርሴይ የመጣ ቀይ የሸክላ ክዳን አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሐር ያበለጸጋቸው ነጋዴዎች እንዲህ ያለ ቤት ነበር የሚያሠሩት። ድንጋዩ አሸዋማ ስለሆነ የባሕር ጨው ይበላዋል፤ ኖራ የሚለብሰውም ለዚያ ነው።

ጀማይዜ ሰፈር ካሉት በአንዱ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ተንበርክኬ ስለምወለውለው የትኛው የወለል ድንጋይ ሲረገጥ እንደሚወዛወዝ አውቃለሁ። ጣሪያው ግን አበባና ወፍ የተሳለበት ነበርና ቀና ብዬ ከማየት በቀር አልደረስኩበትም። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ማምሻውን ወደቡ ላይ የተከማቸው አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዩኔስኮ 640 ያህል ታሪካዊ ሕንፃዎች መጎዳታቸውን አስታወቀ። እኔ ጓዳ ነበርኩና ተረፍኩ። አቧራው ሲረግብ የጣሪያው እኩሌታ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ በተረፈው በኩል ቀጫጭን እንጨቶች ጎን ለጎን ተመትተው፣ በመሃላቸው ኖራ ሾልኮ ከጀርባ ተቆልምሞ ደርቋል። ማገርና ምርጊት! አባቴ ጎጃም ውስጥ ጭቃና ጭድ ረግጦ የመረገው ቤታችን ራሱ! «አጥብቀሽ ካልገፋሽው አይዝልሽም» ይለኝ ነበር።

ኒኮላ ሱርሶክ በ1912 እ.ኤ.አ. ያሠራው ቪላ ዛሬ በቤተሰቡ ስም የሚጠራ ሙዚየም ነው፤ ፍንዳታው መስታወቱን ሁሉ አርግፎት በ2023 እ.ኤ.አ. ዳግም ተከፈተ። የባለቤቱን ስም ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የምሠራበትን ቤት ማገር የመታው፣ ኖራውን የገፋው ሰው ግን የማን ልጅ እንደነበር የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከወደቀው ኖራ አንዱን ቁራጭ ገልብጬ ሳየው፣ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት ዱካ ነበረበት። ልጥለው አልቻልኩም፤ በሻሽ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ለጥገናው የመጡት ሽማግሌ ይህን ዓይነት ጣሪያ «ባግዳዲ» ይሉታል። ልስኑን እያቀበልኳቸው ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ነይ ያ ቢንቲ»፣ ነይ ልጄ፣ ብለው መሰላሉን ያዙልኝ። ወጣሁ። እጄን ሞልቼ ለጠፍኩና በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ በእንጨቶቹ መሃል ሾልኮ ወደዚያ ማዶ ሲያልፍ ተሰማኝ።