ፊቱ የማይታየው ፓንተር

ዋና ተዋናዩ የሞተበትን ፊልም እንዴት ታስተዋውቃለህ? ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ካረፈ በኋላ ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለርና ማርቭል ይህ ጥያቄ ተደቀነባቸው። መልሳቸው በጁላይ 2022 የወጣው የ«ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» የመጀመሪያ ትሬለር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው። አብዛኛው የጀግና ፊልም ትሬለር በወሬና በፍንዳታ ታጭቆ ታሪኩን በሁለት ደቂቃ ይጨርስልሃል። እዚህ ግን የሚናገር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቴምስ የቦብ ማርሌይን «ኖ ውማን ኖ ክራይ» በቀስታ ታዜማለች፤ ነጭ የለበሱ ለቀስተኞች፣ ቲቻላ የተሳለበት ግድግዳ፣ ውሃ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን ይታያሉ። ሞትና ልደትን ያገናኘው ኤዲቲንጉ ብቻ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳህም።

ጎልቶ የሚሰማው ንግግር የንግሥት ራሞንዳ ነው። አንጄላ ባሴት ቤተሰቧን ሁሉ ማጣቷን ስትጮህ፣ ዝምታው ለምን እንደተቆጠበ ያኔ ይገባሃል።

ትልቁ ብልሃት ግን የዘፈኑ መገጣጠሚያ ላይ ነው። በማርሌይ ዘፈን ውስጥ ያለችው «ኦልራይት» የምትል ቃል የኬንድሪክ ላማር ዘፈን ርዕስም ናት። ድምፅ አቀናባሪዎቹ በእሷ ተሻግረው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡት። ምቱ ይገባል፣ ምስሉ ይፈጥናል፣ ለቅሶው ቁጣ ይሆናል። የመጀመሪያው ቆሞ ሁለተኛው ቢጀምር ኖሮ ሐዘኑ አልቋል እንደማለት ነበር።

እርግጥ ነው፣ ትሬለር ትኬት መሸጫ ነው፤ የእውነተኛ ሰው ሞት ለገበያ ሲውል የሚቀፈው ተመልካች አይፈረድበትም። ቢሆንም ሰዎቹ የቦስማንን ቦታ በጥድፊያ አልሞሉም። መጨረሻ ላይ አዲሱ ፓንተር ብቅ ሲል ካሜራው ጥፍሩን ያሳይሃል እንጂ ፊቱን አያሳይህም።