መርከቧ ምንም አልሆነችም

ስትራክቸር ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህቺን መርከብ አትረሷትም። ኩዊን ሜሪ 2። ሴሚስተሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስሟን ሰሌዳ ላይ እጽፍና «ይቺ ስትሠራ ከሁሉ በላይ ተጠንቅቀው ያሰሉት ምኗን ይመስላችኋል?» እላችሁ ነበር። አንዱ ሞተሯን ይላል፣ ሌላው አፍንጫዋን፣ ከኋላ ደግሞ አንዱ «የሀብታሞቹን ምግብ ቤት» ይልና ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ዛሬ ክፍሌ ላልነበራችሁትም ልጻፈው። (ዓመተ ምሕረቱ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

መርከቧን ያሠራት ኩናርድ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። የተገነባችው ፈረንሳይ፣ ሳን ናዜር ውስጥ። 345 ሜትር ትረዝማለች፤ ሦስት የኳስ ሜዳ በቁመት ቢቀጣጠል እንኳ ይበልጣል እርዝመቷ። ወደ 2,600 መንገደኛና ከ1,200 በላይ ሠራተኛ ትይዛለች። ዋና ንድፍ አውጪዋ ስቲቨን ፔይን ይባላል።

አብዛኞቹ የመዝናኛ መርከቦች የሚዞሩት ረጋ ባለ ባህር ላይ ነው። እንደ ተንሳፋፊ ሆቴል ቢሠሩ ያስኬዳል። ይህቺ ግን ሰሜን አትላንቲክን ቀጥ ብላ ልታቋርጥ ነው የታሰበችው። ያ ባህር ቀልድ አያውቅም። በ1995 የዚያው ኩባንያ ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 እዚያ ላይ 29 ሜትር ገደማ የሚሆን ማዕበል ገጥሟታል። ዘጠኝ ፎቅ የሚያህል ውሃ በሉት። ስለዚህ የአዲሷ መርከብ የአካል ብረት ከተለመደው እንዲወፍር ተደረገ፣ አፍንጫዋ ረዘመ፣ ሾለ። የሕይወት አድን ጀልባዎቿን ማዕበል እንዳይመታቸው ከውሃው 25 ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው ሰቀሏቸው። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚለው 15 ሜትር ስለነበር ለዚህ ልዩ ፈቃድ አስፈልጓል። ይሄ ሁሉ ዋጋዋን አናረው። ባህሩ የሚጠይቀው ስለሆነ ግን ተከፈለ።

ከዚያ ኖቬምበር 15 ቀን 2003 መጣ። ቅዳሜ ነው። መርከቧ ልትጠናቀቅ ሳምንታት ነው የቀሯት። ያን ቀን ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ይዘው እየጎበኟት ነበር። ወራት ሙሉ ብረት ሲበይድ የከረመ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን አምጥቶ «ይኸውላችሁ የኔ ሥራ» ሲል አስቡት።

መርከቧ ያለችው ውሃ በሌለው ጥልቅ የመርከብ መሥሪያ ገንዳ ውስጥ ነው። ከገንዳው ዳር ወደ እሷ የሚያሻግር መሸጋገሪያ ተዘርግቷል። ያ መሸጋገሪያ ሰዎቹን እንደያዘ ተደረመሰ። ከፍታው ከ15 ሜትር አያንስም፤ ታች ያለው የገንዳው ወለል ነው። ከ15 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ መርከብ ሠሪው ድርጅትም፣ መሸጋገሪያውን የተከለው ድርጅትም ጥፋተኛ ተባሉ።

መርከቧ ምንም አልሆነችም። በዚያው ዲሴምበር ተረከቧት፣ ጃንዋሪ 2004 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች። ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሳውዝሃምፕተንና ኒውዮርክ ስትመላለስ አለች።

ክፍሉ ዝም የሚለው እዚህ ጋ ነበር። ዘጠኝ ፎቅ ለሚያህል ማዕበል የተዘጋጀ ሥራ ላይ ሰው የጨረሰው፣ ግንባታው ሲያልቅ ተነቅሎ የሚሄድ መሸጋገሪያ ነው።

እኛ ሳይት ላይ «ተወው፣ ጊዜያዊ ነው» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፕላን የለውም፣ ያሰላው ሰው የለም፣ ፊርማ የለም ማለታችን ነው። ቋሚው ምሰሶ ፌሮው ተቆጥሮ፣ አርማታው ተፈትኖ፣ አማካሪው አይቶት ይሞላል። ያንን አርማታ በባሬላ ተሸክመው የሚወጡት ሴቶች የሚረግጡት አጣና ግን ስንት ኪሎ ይችላል ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጣችሁ አታገኙም። «እስካሁን ችሏል» ነው መልሱ።

«እስካሁን ችሏል» ደግሞ የሚሠራው የሚወጣው ሰው እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው። ቁጥር ልንገራችሁ። በአውሮፓ ደንብ ለፍተሻና ለቀላል ሥራ የሚተከል መወጣጫ የሚሰላው በካሬ ሜትር ከ75 እስከ 150 ኪሎ ገደማ እንዲችል ነው። ሁለት ቀለም ቀቢዎች ከነባልዲያቸው ይበቃቸዋል። ተጠጋግቶ የቆመ ሕዝብ ግን በካሬ ሜትር እስከ 500 ኪሎ ይታሰባል። ሠራተኛ ተራርቆ ያልፋል፣ የት እንደሚረግጥም ያውቃል። እንግዳ መሐል ላይ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ልጁን ያቅፋል፣ ሁሉም የሚያምረውን ለማየት ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። ዕቃው ያው ነው፤ ጭነቱ ግን ሦስት አራት እጥፍ ሆነ።

ይህን የምጽፈው ሳን ናዜር ሩቅ ስላልሆነች ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም፣ ለበዓል የመጡ ምዕመናን በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ መወጣጫው ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ነፍስ ይማር። እዚያ በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም ያነሳሁት። በሁለቱም ቦታ ያለቀው ሰው ያላለቀ ሥራ ለማየት በደስታ የመጣ ሰው ስለሆነ ነው። አንዱ ጋ ሀብት ነበረ፣ ማሽን ነበረ፣ አንቱ የተባለ መሐንዲስ ነበረ። ሌላው ጋ ምዕመኑ ያዋጣው ብር ነበረ። ክፍተቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ድህነት ብቻ ነው ብለን እንዳንጽናና።

ዛሬ ሳይት የምትመሩ ልጆቼ፣ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ሰው የሚወጣበት ማንኛውም ነገር፣ ለሦስት ቀንም ቢሆን፣ ወረቀት ላይ ይውጣና ያሰላው ሰው ስሙን ይጻፍበት። ስም ሲጻፍ እጅ ይጠነቀቃል። ሁለተኛ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ባለቤቱ፣ ምርቃትም ይሁን በዓል፣ መወጣጫው ይዘጋ። «ለአምስት ደቂቃ ነው እኮ» ለሚሏችሁ ይህቺን መርከብ ንገሯቸው።

ሳይት ላይ መወጣጫ ዘግታችሁ የተቆጡባችሁ ካላችሁ እስቲ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ጀማሪዎቹ ያንብቡት፤ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይወቁ።