ጣቱስ የት ደረሰ?

ባለፈው ዓርብ ማታ ፈተና ማለቁን ምክንያት በማድረግ፥ ስድስት ሆነን ከአንድ ላፕቶፕ ፊት ተኮልኩለን አንድ የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም አየን። ቆሎው ነበረ፥ ሻዩም ነበረ፤ የጎደለው ሳቁ ነው። ይህን ስንል ጨርሶ አልሳቅንም ማለታችን አይደለም። ስቀናል፤ ነገር ግን ጥርስ ባዳ ነው እንደሚባለው፥ የሳቀው ጥርሳችን ብቻ ነበር። አንዱ ሲስቅ ሌላው «አልገባውም» እንዳይባል ይከተለዋል። እንግዲህ ሳቁን የነሣን ምን እንደ ሆነ መርምረን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ደፈርን።

ፊልሙ ቶድ ፊሊፕስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ያዘጋጀው «ዘ ሃንግኦቨር» ክፍል ሁለት ነው። በ2009 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ከ580 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ገበያው ከእኛ ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ሆኖም የትኬት ብዛት የሳቅ ሚዛን አይሆንም፤ ሰው ትኬት የሚገዛው ከመሳቁ በፊት ነውና።

«ያላሳቃችሁ ብልግናው ስለ በዛ ነው» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ቀልዶች መካከል በእናቱ ፊት ደፍሮ የሚያወራቸው የማይገኝላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ሁላችንም ግን እናውቃቸዋለን፥ እንስቅባቸዋለንም። እነዚያ ቀልዶች የሚያስቁት፥ ቀልዱ ያረፈበት ሰው ክብር ያለው፥ የሚያፍር፥ መልስም የሚመልስ ስለ ሆነ ነው። ቀልደኛው ራሱ ተረትቶ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ብልግና የሚያስቀው ይሉኝታ ባለበት ቤት ነው። የሚያፍር ሰው ከሌለ፥ ብልግናው ተራ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያው ክፍል የሚያፍር ሰው ነበረ። ጓደኛሞቹ ሙሽራውን ይዘው ላስ ቬጋስ ወርደው፥ ራሳቸውን ስተው አድረው ሲነቁ ሙሽራው የለም፤ የሆነውንም አያስታውሱም። ከመካከላቸው ስቱ የተባለው የጥርስ ሐኪም ሴት ጓደኛውን እጅግ ከመፍራቱ የተነሣ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ዋሽቷት የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ፈሪ፥ የገዛ ጥርሱ ወልቆ፥ ከማያውቃት ሴት ጋር ተጋብቶ ማደሩን ሲሰማ የምንስቀው፥ የሚያጣው ነገር እንዳለው ስለምናውቅ ነው።

በሁለተኛው ክፍል ያው ታሪክ ወደ ባንኮክ ተዛውሮ ተደገመ። በነብሩ ምትክ ጦጣ፥ በወለቀው ጥርስ ምትክ የፊት ንቅሳት፥ በጠፋው ሙሽራ ምትክ የሙሽራዪቱ ወንድም ቴዲ ገቡ። ቴዲ ሴሎ የሚጫወት፥ ሐኪም ለመሆን የሚማር የ16 ዓመት ልጅ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ የሚገኘው ግን የተቆረጠ ጣቱ ነው። ጓደኛሞቹ አገሩን ሁሉ እየጮኹ ያስሱታል፤ አብረዋቸው የሚጎተቱት ሽማግሌ መነኵሴ እንኳ ላለመናገር የተሳሉ ናቸውና፥ የአገሩ ሰው አንድ ቃል የሚናገርበት ቦታ እምብዛም የለም። በመጨረሻ ልጁ ከቆመ ሊፍት ውስጥ ሲገኝ ደስ ብሎታል። ጣቱ ተረሳ፥ አባት ታረቀ፥ ሠርጉም ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ ከአልጋው ጫፍ የተቀመጠው ጓደኛችን፥ «ጣቱስ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። በእርሱ ሳቅንበት። የዚያን ማታ ከልባችን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው። እርሱ ግን አልሳቀም፤ «ሚዜ ሆናችሁ ሄዳችሁ የሙሽራዪቱን ወንድም አካል አጉድላችሁ ብትመለሱ፥ ሽማግሌ ፊት ምን ትሉ ነበር?» አለ። የመለሰለት የለም።

ዝም ያልንበት ሌላም ምክንያት ነበረን። ይኸው ጓደኛችን በአንደኛ ዓመታችን ለአንዲት ልጅ የጻፈውን መልእክት ከስልኩ አውጥተን፥ ዶርሙ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለን አንብበንበታል። እርሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት ሌላ ዶርም አደረ። «ቀልድ እኮ ነው» ተባባልን፤ ተመልሶም መጣ፤ ነገሩም እንደ ቴዲ ጣት ተረሳ። የረሳነው ግን እኛ እንጂ እርሱ አልነበረም።

እንግዲህ ፊልሙ ያላሳቀን ስለዚህ ይመስለናል፦ ጓደኝነትን ሊያሳየን ተነሥቶ፥ ጓደኛ ለጓደኛው የሚከፍለውን ዋጋ አወጣበት። በጓደኛ መሳቅ ነውር አይደለም፤ ያለ ሳቅማ ጓደኝነት ምን ጣዕም አለው? ነገር ግን የሳቀ ሰው ሳቁ ሲያልቅ ጣቱ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ አለበት። የማይጠየቅ ከሆነ፥ የተጎዳውም የሳቀውም ሰው መሆናቸው ቀርቶ የሥዕል መጫወቻ ይሆናሉ።

ይህችን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠታችን በፊት ለጓደኛችን አሳየነው። ሁለት የፊደል ስሕተት አርሞ መለሰልንና፥ «ይቅርታ ግን በጽሑፍ አልቀበልም፤ አፍ አላችሁ» አለን።

ሄደን በአፋችን ጠየቅነው።